ድምፅ የሌለው ስሕተት፦ ለሕክምና ባለሙያዎች በተሰጠ የፓይተን ሴሚናር ላይ የቀረበ ሂስ

መግቢያ

በሕክምና ትምህርት ቤቶቻችን የስፔሻሊቲም ሆነ የማስተርስ ተማሪ የምርምር ጽሑፍ ሳያቀርብ አይመረቅም። ምርምሩ በአብዛኛው የሚጀምረው ከካርድ ክፍል በሚወጡ መዝገቦች ሲሆን የሚጠናቀቀው በቁጥርና በሠንጠረዥ ነው። ከመዝገቡ እስከ ሠንጠረዡ ያለውን መንገድ ባለሙያዎቻችን ለብዙ ዓመታት የተሻገሩት በኢፒ ኢንፎ፣ በኤክሴልና በኤስ.ፒ.ኤስ.ኤስ. ነበር። በቅርብ ዓመታት ደግሞ ፓይተን የተባለው የኮምፒዩተር ፕሮግራም ቋንቋ ከምሕንድስናና ከኮምፒዩተር ሳይንስ ክፍሎች አልፎ ወደ ሕክምና ፋኩልቲዎች ገብቷል፤ ስለ አጠቃቀሙም አጫጭር ሴሚናሮች መሰጠት ጀምረዋል። ጅማሬው የሚደገፍ ነው። የሚደገፍ በመሆኑም ሊመረመርና ሊታረም ይገባዋል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በ2017 ዓ.ም. በአንድ ዩኒቨርሲቲ ለሬዚደንት ሐኪሞች፣ ለነርሶችና ለኅብረተሰብ ጤና ባለሙያዎች ስለ ፓይተንና ስለ መረጃ ማቀናበር ለአምስት ቀናት የተሰጠውን ሴሚናር መመርመር ነው። ጸሐፊው ሴሚናሩን በተሳታፊነት ተከታትሏል፤ የማሠልጠኛ ጽሑፉንም በሙሉ አንብቧል። የዩኒቨርሲቲው ስም ያልተጠቀሰው ከዚህ በታች የሚነሡት ጉድለቶች በሌሎች አገሮችም ለጀማሪዎች በሚዘጋጁ ተመሳሳይ ትምህርቶች ዘንድ የተለመዱ በመሆናቸው ነው።

የጽሑፉ ፍሬ ነገር በአጭሩ የሚከተለው ነው። ሴሚናሩ ተሳታፊዎችን ያስተማራቸው ኮምፒዩተሩ በቀይ ጽሕፈት «ስሕተት አለ» ሲላቸው እንዴት እንደሚያርሙ ነው። በሕክምና ምርምር ላይ ከባድ ጉዳት የሚያደርሰው ግን ኮምፒዩተሩ ምንም ሳይል የሚያሳልፈው ስሕተት ነው። ይህን ስሕተት ሊያገኝ የሚችለው ሕመምተኛውንና መዝገቡን የሚያውቅ ባለሙያ ብቻ ሆኖ ሳለ፣ ሴሚናሩ የባለሙያውን ዕውቀት በር ላይ አስቀምጦ እንዲገባ አድርጎታል።

የሴሚናሩ ይዘት

በመጀመሪያው ቀን ፓይተንን በኮምፒዩተር ላይ ስለ መጫን፣ ስለ ዝርዝሮችና አንድን ትዕዛዝ ደጋግሞ ስለ ማሠራት ትምህርት ተሰጥቷል። ሁለተኛው ቀን ፋይል ለመክፈትና አጫጭር ፕሮግራሞችን ለመጻፍ፣ ሦስተኛው ቀን ፓንዳስ በተባለው የሠንጠረዥ ማቀናበሪያ ለመሥራት ውሏል። በአራተኛው ቀን ከጠዋቱ ግራፍ መሳል፣ ከሰዓት በኋላ በራስ መረጃ መለማመድ ነበር። የአምስተኛው ቀን ትምህርት ደግሞ ፕሮግራሙ ከተሰጠው መረጃ ተምሮ የስኳር በሽታ ያለበትንና የሌለበትን ሰው እንዲለይ ማድረግ ነበር።

ለመለማመጃ የቀረቡት መረጃዎች ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው ኤድጋር አንደርሰን የሰበሰባቸውና ሮናልድ ፊሸር እ.ኤ.አ. በ1936 ባሳተመው ጽሑፍ የታወቁት የ150 አበቦች ልኬት ነው። ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ1912 የሰጠመችው የታይታኒክ መርከብ ተሳፋሪዎች ዝርዝር ነው። ሦስተኛው በአሜሪካ በአሪዞና ግዛት የሚኖሩ የፒማ ሕዝብ ተወላጅ የሆኑ የ768 ሴቶች የስኳር በሽታ ምርመራ መረጃ ነው። ከሦስቱ ሕክምናን የሚመለከተው የመጨረሻው ብቻ ሲሆን ከአገራችን መዝገብ የተወሰደ ወይም የአገራችንን መዝገብ የሚመስል አንድም አልነበረም።

ሊመሰገን የሚገባው

ከነቀፋው በፊት ምስጋናው ሊቀድም ይገባል። ፓይተን ያለ ክፍያ የሚገኝ ቋንቋ ነው። ሆላንዳዊው ጊዶ ቫን ሮሰም እ.ኤ.አ. በ1989 መጨረሻ መጻፍ ጀምሮ በ1991 ለሕዝብ ካቀረበው ጀምሮ ማንም እንዲጠቀምበት ክፍት ነው፤ ፓንዳስም እንዲሁ። የፈቃድ ክፍያቸው ውድ የሆኑ ፕሮግራሞችን በተሰረቀ ቅጂ መጠቀም በተለመደበት ሁኔታ ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም። አሠልጣኞቹም ኮምፒዩተር የሚያስፈራቸውን ተሳታፊዎች ሳይቀር በትዕግሥት ረድተዋል።

ከሁሉ የሚበልጠው ጥቅም ግን በሴሚናሩ ላይ በበቂ ሁኔታ አልተነገረም። ትዕዛዙን ሳያስቀምጥ በማውስ ብቻ መረጃ የሚያስተካክል ተመራማሪ ምን እንዳደረገ የሚያሳይ ምልክት አይተውም። ፕሮግራም የሚጽፍ ተመራማሪ ግን የትኛውን ረድፍ እንደ ሰረዘ፣ የትኛውን ቁጥር እንደ ለወጠ፣ ዕድሜን በስንት ክፍል እንደ ከፈለ በጽሑፍ ይቀራል፤ አማካሪውም መስመር በመስመር ሊያነበው ይችላል። በሙያችን ያልተጻፈ ነገር እንዳልተደረገ ይቆጠራል። ፕሮግራምም የመረጃው የሕክምና ካርድ ነው ብሎ ማስተማር ለሐኪም ከሁሉ የቀረበ መግቢያ በሆነ ነበር።

በተግባር የታየው የዚህ ተቃራኒ ነው። ተሳታፊዎች የሠሩት ጁፒተር በተባለው የማስታወሻ ደብተር መልክ ባለው ፕሮግራም ነው። በዚህ ደብተር ላይ ትዕዛዞችን ከላይ ወደ ታች ሳይሆን እንደ ፈለጉ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እየዘለሉ ማሠራት ይቻላል፤ የተሰረዘ ትዕዛዝ ያስገኘው ውጤትም በኮምፒዩተሩ ማስታወሻ ውስጥ ተቀምጦ ይቆያል። ስለዚህ በገጹ ላይ የሚነበበውና ውጤቱን ያስገኘው ሥራ ሊለያዩ ይችላሉ። ደብተሩን ዘግቶ፣ ከፍቶና ከመጀመሪያው መስመር ጀምሮ እንደገና አሠርቶ ያው ውጤት መምጣቱን ማረጋገጥ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ይፈጃል። በአምስቱ ቀናት ይህን እንዲያደርግ የተጠየቀ ተሳታፊ አልነበረም።

የዜሮው ጥያቄ

በአምስተኛው ቀን የቀረበው የፒማ ሴቶች መረጃ የሴሚናሩን ጉድለት ከሌላው ሁሉ አብልጦ ያሳያል። በሠንጠረዡ ውስጥ ባዶ ቦታ የለም፤ ሁሉም በቁጥር ተሞልቷል። ተሳታፊዎቹም ባዶ ቦታ መኖሩን እንዲፈትሹ ታዝዘው ኮምፒዩተሩ «የለም» ብሎ መለሰላቸው። አሠልጣኙም መረጃው ንጹሕ መሆኑን አብሥረው ወደሚቀጥለው ትዕዛዝ ተሻገሩ።

ሆኖም ከ768ቱ ሴቶች የ35ቱ የታችኛው የደም ግፊት ዜሮ ተብሎ ተመዝግቧል። የ5ቱ የደም ስኳር መጠን ዜሮ ነው። የ11ዱ ክብደት ከቁመት ጋር ያለው ምጣኔ ዜሮ ነው። የ374ቱ፣ ማለትም የግማሽ ያህሉ፣ የኢንሱሊን መጠን ዜሮ ነው። የደም ስኳሩ ዜሮ የሆነ ሰው በእግሩ መጥቶ ለምርመራ ሊሰለፍ እንደማይችል የአንደኛ ዓመት የነርስነት ተማሪ ያውቃል። እነዚህ ዜሮዎች ልኬቱ አለመወሰዱን የሚያመለክቱ ናቸው፤ ኮምፒዩተሩ ግን እንደ ማናቸውም ቁጥር ይደምራቸዋል። በዚህም ምክንያት የኢንሱሊን አማካይ 80 ገደማ ሆኖ ይወጣል። ዜሮዎቹ ሲወጡ ግን አማካዩ 156 ገደማ ነው። ልዩነቱ እጥፍ ያህል ነው፤ የስሕተት መልእክት ግን አልታየም።

ነገሩ በዚህ አያበቃም። በዚያው ሠንጠረዥ የመጀመሪያው ዓምድ እያንዳንዷ ሴት ስንት ጊዜ እንዳረገዘች ይገልጻል። በዚህ ዓምድ ዜሮ ማለት ያላረገዘች ማለት ስለሆነ እውነተኛ ቁጥር ነው። እንግዲህ አንዱ ዜሮ በአንድ ዓምድ እውነት፣ በሌላው ሐሰት ነው። ይህን የሚለይ ትዕዛዝ በፓይተን ውስጥ የለም፤ የሚለየው ስለ እርግዝናና ስለ ደም ግፊት የሚያውቅ ሰው ነው። በአዳራሹ ውስጥ እንዲህ ያሉ ሰዎች ሠላሳ ያህል ተቀምጠው ነበር። ነገር ግን ቁጥሮቹን በሐኪም ዓይን እንዲያዩ ማንም አልጠየቃቸውም፤ እነርሱም «የኮምፒዩተር ሰዓት» ላይ መሆናቸውን አስበው ዝም አሉ።

በዕለቱ መጨረሻ የተሠራው ፕሮግራም ከመቶ 77 ያህል ትክክል መለሰ ተብሎ ተጨበጨበ። ከ768ቱ ሴቶች 500ው የስኳር በሽታ የሌለባቸው በመሆናቸው፣ ማንንም ሳይመረምር ለሁሉም «የለብሽም» የሚል ሰውም ከመቶ 65 ትክክል ይሆናል። ጭብጨባው ከዚህ ጋር ተነጻጽሮ ቢሆን ኖሮ መጠነኛ በሆነ ነበር።

ያልተለካው ሕመምተኛ

ባዶ ቦታ በትክክል ባዶ ሆኖ ሲመዘገብም ችግሩ አይቀርም። በሦስተኛው ቀን ተሳታፊዎች የላይኛው የደም ግፊት 140 ወይም ከዚያ በላይ የሆነውን «ከፍተኛ»፣ የቀረውን «መደበኛ» ብለው እንዲከፍሉ ተምረዋል። በፓንዳስ ዘንድ ባዶ ቦታ ከ140 ይበልጣል ወይ ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ «አይበልጥም» ነው። ስለዚህ የደም ግፊቱ ያልተለካ ሰው ሁሉ ሳይመረመር ጤነኛ ተብሎ ይመዘገባል።

ለምሳሌ ያህል 200 ሕሙማን ያሉበት መዝገብ እንውሰድ። ከእነዚህ 40ዎቹ ያልተለኩ፣ 48ቱ ከፍተኛ የደም ግፊት ያለባቸው ናቸው እንበል። ትክክለኛው ምጣኔ 48 ከ160፣ ማለትም ከመቶ 30 ነው። ከላይ በተገለጸው መንገድ ሲሠራ ግን 48 ከ200፣ ማለትም ከመቶ 24 ይሆናል። ያልተለኩት ደግሞ ብዙውን ጊዜ በአጋጣሚ የቀሩ አይደሉም። መለኪያው የተበላሸበት ጤና ጣቢያ ሕሙማን፣ በሌሊት የመጡ ድንገተኛ ታካሚዎች፣ ለመለካት ጊዜ ያልሰጡ በጠና የታመሙ ሰዎች ሊሆኑ ይችላሉ። እንግዲህ ስሕተቱ ይበልጥ ሊታዩ የሚገባቸውን ሰዎች ከዓይን ይሰውራል ማለት ነው።

የማሠልጠኛ ጽሑፉ ስለ ባዶ ቦታ ያለው ምክር አንድ መስመር ብቻ ነው፤ ባዶ ቦታ ያለበትን ረድፍ ሁሉ የሚሰርዘውን ትዕዛዝ መጠቀም። ስንት ረድፍ እንደ ተሰረዘ፣ የማን እንደ ሆነ፣ ለምን ባዶ እንደ ሆነ መጠየቅ እንደሚያስፈልግ አልተጻፈም።

የቀን መቁጠሪያችንና ስማችን

የውጭ አገር መለማመጃዎች ፈጽሞ የማያነሡት ጉዳይ የራሳችን መዝገብ የሚጻፍበት ሥርዓት ነው። በሆስፒታሎቻችን ካርዶች ላይ ቀን የሚጻፈው ባመዛኙ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው። ፓይተን በራሱ የሚያውቀው የቀን አቆጣጠር ግን የጎርጎርዮስ ብቻ ነው።

አንድ ሕመምተኛ ነሐሴ 28 ቀን 2010 ዓ.ም. ተኝቶ መስከረም 2 ቀን 2011 ዓ.ም. ወጣ እንበል። ጳጉሜን በዚያ ዓመት 5 ቀን ስለነበረች የቆየው 9 ቀን ነው። መዝገብ ጸሐፊው ቀኖቹን 28/12/2010 እና 2/1/2011 ብሎ አስገብቶ ኮምፒዩተሩ ቀን፣ ወር፣ ዓመት በሚል ቅደም ተከተል ቢያነባቸው፣ ከዲሴምበር 28 እስከ ጃንዋሪ 2 ቆጥሮ 5 ቀን ይላል። በሆስፒታል ስለሚቆዩበት ጊዜ የሚደረግ ጥናት በዓመት መለወጫ ሰሞን የተኙትን ሁሉ በዚህ መልክ ያጎድላል።

ጳጉሜን 3 ቀን 2010 ዓ.ም. ደግሞ 3/13/2010 ተብሎ ቢጻፍ፣ ፓንዳስ ምንም ካልተነገረው ወርን ስለሚያስቀድም እ.ኤ.አ. ማርች 13 ቀን 2010 አድርጎ ይቀበለዋል። ትክክለኛው ቀን ግን እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 8 ቀን 2018 ነው። ጥቅምት 30 ቀንም 30/2/2010 ተብሎ ሲጻፍ ፌብሩዋሪ 30 ቀን ስለሌላት ተቀባይነት አያገኝም። ይህኛው ስሕተት እንኳ ድምፅ ነበረው፤ የማሠልጠኛ ጽሑፉ ግን ያልተነበበ ቀን ሁሉ በባዶ እንዲተካ የሚያደርገውን አማራጭ ስለሚመክር ድምፁን ያጠፋዋል። ከዚያም ባዶ ያለበት ረድፍ ይሰረዛል፤ ሕመምተኛውም ከጥናቱ ይወጣል።

ሰዓትም እንዲሁ ነው። በማዋለጃ መዝገብ ላይ 2:00 ተብሎ የተጻፈው ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ይሁን በውጭ አቆጣጠር ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት፣ የጻፈችውን አዋላጅ ወይም የክፍሉን ልማድ ሳይጠይቁ ማወቅ አይቻልም።

ስምን በተመለከተ፣ የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት ሥርዓት ውስጥ ከገባ ወዲህ በኮምፒዩተር መጻፍ ቀላል ሆኗል። ይሁን እንጂ ለጆሮ አንድ የሆኑት ፊደላት ለኮምፒዩተሩ የተለያዩ ናቸው። ኃይሉ፣ ሀይሉ፣ ሐይሉና ኀይሉ አራት ሰዎች ናቸው፤ ፀሐይና ጸሀይም ሁለት ሴቶች ናቸው። አንድ የሳንባ ነቀርሳ ታካሚ በሁለት ጸሐፊዎች እጅ ሁለት ጊዜ ቢመዘገብ፣ በአንዱ መዝገብ ሕክምናውን ያቋረጠ፣ በሌላው አዲስ የጀመረ ሆኖ ይቆጠራል። በተቃራኒው ደግሞ የራስንና የአባትን ስም ብቻ በማየት ሁለት የተለያዩ ሰዎችን አንድ ማድረግም ይቻላል፤ የአያት ስም፣ ዕድሜና የካርድ ቁጥር አብረው ሊታዩ የሚገባውም ለዚህ ነው። ሞክሼ ፊደላትን ለማነጻጸሪያ ብቻ ወደ አንድ የሚመልስ፣ ዋናውን አጻጻፍ ግን ሳይነካ የሚያስቀምጥ ፕሮግራም ከአሥር መስመር አይበልጥም። ለሴሚናሩ ከአበቦቹ ይልቅ የተሻለ መለማመጃ በሆነ ነበር።

ከሌሎች አገሮች የተገኘ ትምህርት

ከላይ የተዘረዘሩት ነገሮች ጥቃቅን መስለው ሊታዩ ይችላሉ። ጥቃቅን አለመሆናቸውን በሕክምና ታሪክ ከተመዘገቡ ሦስት ጉዳዮች መረዳት ይቻላል።

የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ2018 በአሜሪካ ሕክምና ማኅበር መጽሔት በጃማ የወጣ ጥናት ነው። ሥር የሰደደ የሳንባ አየር መተላለፊያ መጥበብ በሽታ ያለባቸው 240 ሕሙማን በዕጣ ለሁለት ተከፍለው፣ አንደኛው ወገን ከሆስፒታል ሲወጣ ልዩ ክትትል እንዲደረግለት ተደረገ። ጥናቱ ክትትል የተደረገለት ወገን በስድስት ወር ውስጥ በአማካይ 0.72 ጊዜ፣ ሌላው 1.40 ጊዜ በበሽታው ምክንያት ወደ ሆስፒታል እንደ ተመለሰ ወይም ድንገተኛ ክፍል እንደ ገባ ገልጾ ክትትሉ ጠቃሚ ነው አለ። በኋላ ግን 1 እና 2 ተብለው የተመዘገቡት ሁለቱ ወገኖች ወደ 0 እና 1 ሲቀየሩ መገለባበጣቸውን ተመራማሪዎቹ ራሳቸው ደረሱበት። እውነተኛው ውጤት ተቃራኒው ነበር፤ ብዙ ጊዜ የተመለሱት ክትትል የተደረገላቸው ናቸው። ጽሑፉም እ.ኤ.አ. በ2019 ተሰርዞ ታርሞ ወጣ። ፕሮግራሙ አንድም ጊዜ አልቆመም።

ሁለተኛው በአሜሪካ የዱክ ዩኒቨርሲቲ ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣ ጥናት ለእያንዳንዱ የካንሰር ሕመምተኛ የሚስማማውን መድኃኒት ከዘረ መል ምርመራ መተንበይ እንደሚቻል ገለጸ፤ በዚያ ላይ ተመሥርተውም በሕሙማን ላይ ሙከራዎች ተጀመሩ። ኪት ባገርሊና ኬቪን ኩምስ የተባሉ ሁለት የስታቲስቲክስ ባለሙያዎች መረጃውን እንደገና ሲሠሩት የዘረ መሎቹ ዝርዝር በአንድ ረድፍ ተንሸራቶ አገኙት፤ መድኃኒቱ የሚሠራባቸውና የማይሠራባቸው ሕዋሳት ስያሜም ተገለባብጦ ነበር። ግኝታቸውን እ.ኤ.አ. በ2009 አሳተሙ። ሙከራዎቹ በ2010 ሙሉ በሙሉ ቆሙ፤ ጽሑፉም በ2011 ተሰረዘ። ኋላ በተደረገው የመንግሥት ምርመራ ሆን ተብሎ የተፈጸመ ጥፋት መኖሩ ተረጋግጧል። የሚያሳስበው ግን የመጀመሪያው ምልክት አንድ ረድፍ መሆኑና ከ100 በላይ ሕሙማን በእነዚያ ሙከራዎች ውስጥ ማለፋቸው ነው።

ሦስተኛው በእንግሊዝ በኮቪድ ወረርሽኝ ጊዜ የተከሠተ ነው። የቆየው የኤክሴል ፋይል ዓይነት ከ65,536 ረድፍ በላይ መያዝ አይችልም። በዚህ ሳቢያ እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 25 እስከ ኦክቶበር 2 ቀን 2020 ድረስ በበሽታው መያዛቸው የተረጋገጠ 15,841 ሰዎች ከዕለታዊው ቁጥር ውጭ ቀሩ፤ ከእነርሱ ጋር የተገናኙትን የመፈለጉ ሥራም ዘገየ። የገባውንና የወጣውን ረድፍ ብዛት የሚያነጻጽር አንድ መስመር ይህን ባጋለጠ ነበር።

እነዚህን ለሴሚናሩ ቅርብ የሚያደርጋቸው አንድ ነገር አለ። ፓይተን መቁጠር የሚጀምረው ከዜሮ ነው። በፓንዳስ ደግሞ ከ0 እስከ 10 ያሉትን ረድፎች «ሎክ» በሚለው ትዕዛዝ ቢጠይቁት አሥራ አንድ፣ «አይሎክ» በሚለው ቢጠይቁት አሥር ረድፍ ይሰጣል። በሴሚናሩ ላይ ይህ በቀልድ መልክ ታልፏል። በዱክ የሆነውን የሚያውቅ ሐኪም ግን በቀልድ ሊያልፈው አይችልም።

የሕሙማን ምስጢር

በአራተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ተሳታፊዎች በራሳቸው መረጃ እንዲለማመዱ በተፈቀደ ጊዜ የሆነው ነገር ከቴክኒክ ጉድለት የከፋ ነው። የሕሙማን ስም፣ የካርድ ቁጥርና የኤች.አይ.ቪ. ምርመራ ውጤት ያለባቸው ዝርዝሮች በነጻ በሚሰጥ የኢንተርኔት አገልግሎት አማካይነት ባለቤትነቱ በውጭ ድርጅት እጅ በሆነ ኮምፒዩተር ላይ ሲጫኑ ያስቆመ ሰው አልነበረም። የማሠልጠኛ ጽሑፉም ስለ ምስጢር አንድ ቃል አይናገርም።

የሕመምተኛን ምስጢር መጠበቅ ከሙያችን መሐላ ጋር የኖረ ግዴታ ነው። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ስለ ወጣ ጉዳዩ በሕግም የሚያስጠይቅ ነው። ስምና የካርድ ቁጥርን በመለያ ቁጥር ተክቶ፣ ማገናኛውን ዝርዝር ለብቻው ቆልፎ ማስቀመጥ በመጀመሪያው ቀን፣ በመጀመሪያው ሰዓት ሊሰጥ የሚገባው ትምህርት ነው።

ምን ቢደረግ ይሻላል?

«በአምስት ቀን ይህን ሁሉ ማስተማር አይቻልም» የሚል መልስ ሊሰጥ ይችላል። ክርክሩ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ጊዜው ያጠረው ለምን እንደ ሆነ ማየት ያስፈልጋል። ከአምስቱ ቀናት አንዱ ሙሉ ቀን የዋለው መረጃውን ያልመረመሩ ሰዎች በመረጃው እንዲተነብዩ ለማድረግ ነው። ይህ ቀን ለሌላ፣ ከፍ ላለ ሴሚናር ቢተው የሚጎዳ ተሳታፊ የለም።

በዚያ ቀን ምትክ አዘጋጆቹ የአገራችንን ሆስፒታል መዝገብ የሚመስል፣ የእውነተኛ ሰው መረጃ የሌለበት የ200 ረድፍ መለማመጃ ሊያዘጋጁ ይችላሉ። በውስጡም ሆን ተብለው የገቡ ስሕተቶች ይኑሩበት፤ ዕድሜው 999 የሆነ ሰው፣ እርግዝና የተመዘገበለት ወንድ፣ በጳጉሜን የተወለደ ሕፃን፣ በሁለት አጻጻፍ ሁለት ጊዜ የገባች ሴት፣ በሁለት የተለያዩ መለኪያዎች የተጻፈ የደም ስኳር። በሚሊግራም የተለካው በሚሊሞል ከተለካው 18 እጥፍ ያህል ስለሚበልጥ፣ ሁለቱ በአንድ ዓምድ ሲቀላቀሉ ግራፉ ላይ ሁለት የተራራቁ ክምሮች ይታያሉ፤ የግራፍ ትምህርቱም በዚህ ላይ ቢሰጥ ጥቅሙ ይገለጣል። የዕድሜው የመጨረሻ አኀዝ በ0 እና በ5 ላይ መብዛቱን መቁጠርም እንዲሁ ነው። ዕድሜውን በግምት የሚናገር ሕመምተኛ በርካታ መሆኑን ሁላችንም ስለምናውቅ ውጤቱን ተርጓሚ አያስፈልገንም።

ተሳታፊዎች በእያንዳንዱ እርምጃ ስንት ረድፍ እንደ ገባና ስንት እንደ ወጣ እንዲጽፉ ቢደረግ፣ በመጨረሻም ፕሮግራማቸውን ከመጀመሪያው መስመር አሠርተው ከጎናቸው ላለው ሰው ቢሰጡና እርሱም ያንኑ ውጤት ቢያገኝ፣ የምስክር ወረቀቱ ትርጉም ይኖረዋል። ማስተማሩም ለኮምፒዩተር ባለሙያው ብቻ ሊተው አይገባም። ከጎኑ አንድ ሐኪምና አንድ ልምድ ያለው የካርድ ክፍል ሠራተኛ ቢቀመጡ፣ ዜሮው ዜሮ መሆኑንና አለመሆኑን የሚጠይቅ ሰው በአዳራሹ ይኖራል።

ይህ ለውጥ ይበልጥ አስፈላጊ የሆነው በያዝነው ዘመን ነው። ዛሬ የፓይተን ትዕዛዝ በቃል የማያውቅ ሰው ሐሳቡን በተራ ቋንቋ ጽፎ ሰው ሠራሽ አስተውሎትን ቢጠይቅ ፕሮግራሙ በሴኮንዶች ተጽፎ ይቀርብለታል። የቀረበው ፕሮግራም አብዛኛውን ጊዜ ያለ ቀይ ጽሕፈት ይሠራል። ትዕዛዝን በቃል ማስያዝ ዋጋው በዚህ መጠን ሲቀንስ፣ የተሠራው ሥራ ከመዝገቡና ከሕመምተኛው ጋር ይስማማ እንደ ሆነ የመመርመር ችሎታ ዋጋው በዚያው መጠን ይጨምራል።

ማጠቃለያ

የተመረመረው ሴሚናር በቅን ልቦና የተዘጋጀ፣ በትጋት የተሰጠና ለባለሙያዎቻችን ጠቃሚ መሣሪያ ያስተዋወቀ ነው። ጉድለቱ መሣሪያውን ከሚሠራበት አካል ለይቶ ማስተማሩ ነው። ቀዶ ሐኪም መቁረጫውን ብቻ ተምሮ፣ የሰውነትን አሠራር ሳያጠና ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል አይገባም። የሕሙማን መረጃም የራሱ አካል አለው፤ የተጻፈበት አቆጣጠር፣ የጻፈው ሰው፣ ያልተጻፈበት ምክንያት የዚያ አካል ክፍሎች ናቸው።

በዚህ ሴሚናር የተሳተፉት ሬዚደንቶች በቅርቡ የመመረቂያ ጽሑፋቸውን ያቀርባሉ። ከእነዚያ ጽሑፎች የሚወጡ ቁጥሮች ለሆስፒታል የመድኃኒት ግዢ፣ ለሕክምና መመሪያ፣ ለሌላ ምርምር መነሻ ሊሆኑ ይችላሉ። ስለዚህ አማካሪዎች ሠንጠረዡን ብቻ ሳይሆን ፕሮግራሙንም እንዲያዩ፣ ፋኩልቲዎችም ለሚቀጥለው ሴሚናር የራሳችንን መዝገብ የሚመስል መለማመጃ ከወዲሁ እንዲያዘጋጁ ጸሐፊው ያሳስባል። መለማመጃውን ለማዘጋጀት አንድ የካርድ ክፍል ሠራተኛ፣ አንድ ሐኪምና አንድ የኮምፒዩተር ባለሙያ ለአንድ ሳምንት አብረው ቢቀመጡ በቂ ነው።